ታጣቂ ያጡ ጠብመንጃዎች

እ.ኤ.አ. በ1722 አንድ ቀን ለንደን ላይ ዝናብ ይጥል ነበር። በዚያ ዘመን ዝናብ የተኳሽ ጠላት ነው፤ ባሩድ ከረጠበ የባልጩት ብልጭታ አያቀጣጥለውም። በዚያን ዕለት ግን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የተተከለ አንድ እንግዳ መሣሪያ ለሙከራ ቀረበና አንድ ሰው ብቻውን በ7 ደቂቃ ውስጥ 63 ጊዜ ተኮሰበት። ወሬው ማርች 31 ቀን ጋዜጣ ላይ ወጣ። በደረቅ ቀን እንኳ በደቂቃ ሦስት ጊዜ የተኮሰ ወታደር ጎበዝ ይባል በነበረበት ዘመን፣ እየዘነበ በደቂቃ ዘጠኝ ጊዜ መተኮስ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ይህን ሁሉ የሠራውን መሣሪያ የፈለገው ሠራዊት ግን አልነበረም።

ባለቤቱ ጄምስ ፐክል ይባላል። ሕግ አዋቂና ጸሐፊ እንጂ ወታደር አልነበረም። የፈጠራ መብቱን በ1718 ሲያስመዘግብ ለመሣሪያው «መከላከያ» የሚል ስም አወጣለት። አሠራሩ ዛሬ ለሚያየው ሰው ግልጽ ነው። ከፊት አንድ አፈሙዝ አለ፤ ከኋላው ባሩድና ጥይት አስቀድሞ የተሞላባቸው ጉድጓዶች ያሉት ክብ ብረት ተሰክቷል። ተኳሹ ክቡን በእጁ አዙሮ አንዱን ጉድጓድ ከአፈሙዙ ጋር ያገጥማል፤ እጀታውን ጠምዝዞ ያጠብቃል፤ ይተኩሳል፤ አላልቶ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ያዞራል። ክቡ ባዶ ሲሆን ይነቀልና የተሞላ ይተካበታል። ሳሙኤል ኮልት በሪቮልቨር ስሙን ያስጠራው ከዚህ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሐሳቡን አልሳተም፤ የቀደመው ዘመኑን ነው።

ጉድ የሚያሰኘው ሌላው ነገር ነው። ፐክል ባስመዘገበው ሥዕል ላይ ሁለት ዓይነት ክብ አሳይቷል፤ አንደኛው በክርስቲያኖች ላይ ለሚተኮስ ድቡልቡል ጥይት፣ ሁለተኛው በቱርኮች ላይ ለሚተኮስ ባለ አራት ማዕዘን ጥይት። ማዕዘን ያለው ጥይት ቁስሉ የከፋ ይሆናል ተብሎ ታምኖ ነው። የጠላቱን ሃይማኖት ጠይቆ ጥይት የሚቀርጽ ሰው ዛሬ ቢያስደነግጠንም፣ የእንግሊዝ የጦር ሹማምንት መሣሪያውን የገፉት በዚህ አልነበረም። በ1717 ዉልዊች ላይ ሞክረውት አልወደዱትም። ጊዜው እያንዳንዱ የብረት ክፍል በእጅ የሚሞረድበት ነበር። የክቡ ጉድጓድና አፈሙዙ ለጥቂት ካልተጋጠሙ የባሩዱ እሳት በክፍተቱ ይወጣል። በዚያ ላይ ባልጩቱ ያው የድሮው ባልጩት ነው፤ አንዴ ይመታል፣ አንዴ ይከዳል።

ፐክል ተስፋ አልቆረጠም። በ1721 ኩባንያ አቋቁሞ ለመሣሪያው አክሲዮን ሸጠ። ለንደን ገና ከዓመት በፊት በደቡብ ባሕር ኩባንያ ኪሳራ ተቃጥላ ስለነበር ቀልደኞች አላለፉትም፤ ይህ መሣሪያ የሚያቆስለው አክሲዮኑን የገዙትን ብቻ ነው ብለው ዘበቱበት። የሞንታጉ መስፍን በ1722 ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ላከው ለነበረው ዘመቻ ሁለት ገዝቶ ነበር፤ እዚያ ስለ መተኮሳቸው የተጻፈ ነገር የለም።

የፐክል ጠብመንጃና መሰሎቹ ዛሬ ክብራቸው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ያለው የሮያል አርመሪስ ቤተ መዘክር ብዙዎቹን ይዟል። የተቀሩት በአሜሪካና በአውሮፓ የጨረታ አዳራሾች ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ይዘዋወራሉ። የጦር መሣሪያ ወዳጆች ለተሳካ ጠብመንጃ ከሚያወጡት ገንዘብ በላይ ለከሸፈው ያወጣሉ። የተሳካው በመቶ ሺህና በሚሊዮን ተመርቶ በየቤቱ አለ፤ የከሸፈው ግን ጥቂት ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ብርቅነቱ አይደለም። የነዚህን መሣሪያዎች ታሪክ በተከታተልኩ ቁጥር ሠሪዎቻቸው ሞኞች እንዳልነበሩ ይበልጥ እየታየኝ መጥቷል። ሁሉም እውነተኛ ችግር ይዘው ነው የተነሱት። የረሱት የሚሸከመውን ትከሻ፣ ጥይት የሚያቀርበውን ሰው፣ መሣሪያው የሚያልፍበትን መንገድ ነው።

የመርከበኛው ትከሻ

በመርከብ ጦርነት ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን ሲጣበቁ፣ ምሰሶው ላይ የወጡ ተኳሾች የጠላትን መርከብ ወለል ከላይ ወደ ታች ይጠርጋሉ። ጊዜው አጭር ነው፤ እንደገና ለማጉረስ ፋታ የለም። ታዲያ አንድ ሰው በአንድ ምላጭ ሰባት ጥይት ቢለቅስ? ጄምስ ዊልሰን የተባለ እንግሊዛዊ ይህን አስቦ ንድፉን አቀረበ፤ የለንደኑ ጠብመንጃ ሠሪ ሄንሪ ኖክ ሠራው። አንድ አፈሙዝ መሀል ላይ፣ ስድስቱ ዙሪያውን፣ ሁሉም በአንድ ባልጩት የሚነሱ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1780 ጀምሮ በመቶዎች አሠራ።

ሰባቱ በአንዴ ሲፈነዱ የሰደፉ ርግጫ የተኳሹን ትከሻ እስከ መስበር ይደርስ ነበር። ለዚያውም ተኳሹ የቆመው ወለል ላይ ሳይሆን በማዕበል የሚወዛወዝ ምሰሶ ላይ ነው። ሹማምንቱን ከዚህም ይበልጥ ያስፈራቸው ከሰባቱ አፈሙዞች የሚወጣው እሳት ነበር። በዙሪያው ያለው ሸራና ገመድ ነው፤ ሬንጅ የጠጣ። የጠላትን መርከብ ለማጥቃት የራስን መርከብ ማቃጠል ማንም አይፈልግም። መሣሪያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ከአገልግሎት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በ1960 የተሠራው «ዘ አላሞ» ፊልም ነው፤ በሪቻርድ ዊድማርክ እጅ። ፊልም ላይ ትከሻ አይሰበርም።

የዚህ ቤተሰብ ዘመዶች ብዙ ናቸው። እንደ ዳክዬ እግር የተንጨፈረሩ አራት አፈሙዞች ያሉት ሽጉጥ ነበር፤ ብቻውን በሰዎች የተከበበ የመርከብ አዛዥ ወይም የእስር ቤት ጠባቂ እንዲይዘው የታሰበ። አራቱ ጥይቶች በአራት አቅጣጫ ስለሚሄዱ የፈለጉትን ሰው ለይቶ መምታት ዘበት ነው። ቤልጅጋዊው ሉዊ ዶልን ደግሞ የጣት ቡጢ ብረት፣ ቢላዋና ሽጉጥ አንድ ላይ አድርጎ የሚታጠፍ መሣሪያ ሠራ፤ የፓሪስ ወሮበሎች «አፓሽ» ይባሉ ስለነበር ስማቸውን ወረሰ። አፈሙዝ የሚባል ነገር የለውም፤ ጥይቱ በቀጥታ ከሚሽከረከረው ጎታ ይወጣል፤ ስለዚህ ከክንድ ርቀት ያለፈ ኢላማ አይታሰብም። ምላጩም መከለያ ስለሌለው ኪስ ውስጥ የያዘው ሰው ለራሱ ይሰጋል። ሦስቱንም ሥራ ይሠራል፤ ሦስቱንም ክፉኛ።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን ኮሊብሪ ነው። ኦስትሪያዊው ሰዓት ሠሪ ፍራንዝ ፋንል ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ያወጣው ሽጉጥ ሲሆን የጥይቱ ስፋት 2.7 ሚሊሜትር ነው። እርሳሱ አንድ አምስተኛ ግራም ይመዝናል። አፈሙዙ ውስጥ ጥይትን የሚያሾር ጠመዝማዛ ቦይ የለም፤ በዚያ ጥበት መቦርቦር ከባድ ነበርና። እመቤቶች ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ራሳቸውን እንዲከላከሉበት ታስቦ ነው። ጥይቱ ወፍራም ካፖርት ማለፉ ያጠራጥራል፤ ጥይቷን በጣት ይዞ ማጉረሱ ራሱ የሰዓት ሠሪ እጅ ይጠይቃል። ሰውየው ለራሱ ጣት ልክ ሠርቶት ይሆን?

ጎባጣው አፈሙዝ

የጀርመን ታንከኞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ሕመም ነበረባቸው። ታንኩ ከሩቅ ያለውን ሁሉ ይመታል፤ ከጎኑ ተጠግቶ ፈንጂ የሚለጥፍበትን እግረኛ ግን አያየውም፣ ቢያየውም አይደርስበትም። በመንደር ውጊያም ጥግ ላይ አንገቱን ብቅ ያደረገ ወታደር ይመታል። የተገኘው መፍትሔ «ክሩምላውፍ» ተባለ፤ ስተርምገቬር በሚባለው ጠብመንጃ ጫፍ ላይ የሚገጠም ጎባጣ ቱቦ ነው። ተኳሹ ራሱን ሳያጋልጥ አቅጣጫውን በመስታወት እያየ ይተኩሳል። በብዛት የተሠራው 30 ዲግሪ የሚጎብጠው ነበር።

ጥይት በባሕርይው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። በዚያ ፍጥነት በጎባጣ ቱቦ ሲያልፍ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፤ ቱቦውን ይበላዋል፤ ራሱም ይሰነጠቃል። ሠሪዎቹ የባሩዱ ጋዝ እንዲያመልጥና ፍጥነቱ እንዲቀንስ ቱቦውን በሳሱት፤ ግን ከጫፉ የሚወጣው አሁንም ብዙ ጊዜ አንድ ጥይት ሳይሆን ስብርባሪ ነበር። ባለ 30 ዲግሪው 300 ያህል ጥይት ከተኮሰ በኋላ ያበቃለታል። በሙሉ አውቶማቲክ ለሚተኮስ መሣሪያ 300 ጥይት ምን ያህል ደቂቃ እንደሚቆይ ማስላት ለአንባቢ አያዳግትም። ስብርባሪው ታንክ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ከአንድ ጥይት የባሰ ነው የሚሉ ተከራካሪዎች አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጦርነቱን እየተሸነፈች ያለች አገር ብረቷን፣ ባለሙያዋንና ጊዜዋን የምታውልበት ነገር ይህ አልነበረም።

ሮኬት የሚተኩሰው ሽጉጥ

በ1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሮበርት ሜይንሃርትና አርት ቢል የተባሉ ሁለት ሰዎች ያነሱት ጥያቄ ከሁሉም የሚደንቅ ነው። ጠብመንጃ ለምን ይከብዳል? ባሩዱ የሚፈነዳው ውስጡ ስለሆነ ነው። ያን ግፊት የሚችል ወፍራም ብረት ያስፈልጋል፤ ርግጫውም ከዚያው ይመጣል። ጥይቱ ራሱ ነዳጁን ይዞ ቢሄድስ? እንዲህ ሆኖ «ጋይሮጄት» ተወለደ። ጥይቱ 13 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ሮኬት ነው። ከኋላው አራት ቀዳዳዎች አሉት፤ በማዘንበል ስለተበሱ የሚወጣው ጋዝ ሮኬቱን ወደ ፊት እየገፋ ያሾረዋል። ቀለህ የለውም፣ የሚወድቅ ነገር የለም፣ ርግጫ የለም ማለት ይቻላል። ሽጉጡ ቀላል ብረት ነው፤ ሥራው ሮኬቱን አቅጣጫ ማስያዝ ብቻ ነውና።

የምላጩ አሠራር የተገላቢጦሽ ነው። በተለመደው ጠብመንጃ መዶሻው ከኋላ መጥቶ ጥይቱን ይመታል። እዚህ መዶሻው ከፊት መጥቶ ሮኬቱን አፍንጫውን በመምታት ወደ ኋላ፣ ወደ ቋሚው መርፌ ይገፋዋል። ሮኬቱ ተነስቶ ሲወጣ መዶሻውን በመንገዱ ተጭኖ ለቀጣዩ ተኩስ ያስተካክለዋል። ይህን ያሰበ አእምሮ ያስቀናል።

ችግሩ ሮኬት ሩጫውን ቀስ ብሎ መጀመሩ ነው። ተራ ጥይት ትልቁን ፍጥነቱን የሚያገኘው ከአፈሙዝ ሲወጣ ነው፤ የጋይሮጄት ሮኬት ግን ከአፈሙዝ ሲወጣ በጣም ዘገምተኛ ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ነዳጁ ተቃጥሎ እስኪያልቅ፣ ሃያ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ነው። ሽጉጥ ደግሞ የቅርብ መሣሪያ ነው። ጠላትህ ከፊትህ በክንድ ርቀት ቆሞ ሳለ፣ እንዲጎዳው ሃያ ሜትር እንዲርቅልህ መለመን አለብህ። ከሃያ ሜትር በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በሠሪዎቹ እጅ የነበሩት ሮኬቶች ሁሉ እኩል አልነበሩም። የአንዱ ቀዳዳ ትንሽ ከተዛነፈ ወይም ነዳጁ እኩል ካልተቃጠለ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ጭራሽ የማይነሳም ነበር። ጥቂቶቹ ወደ ቬትናም ተወሰዱ፤ «ዩ ኦንሊ ሊቭ ትዋይስ» በተባለው የ1967ቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም ውስጥም ታዩ። ኩባንያው ግን ከፊልም አልፎ ሠራዊት አላገኘም። ዛሬ አንዷ ሮኬት ከ100 ዶላር በላይ ስለምትሸጥ፣ ሽጉጡ ያለው ሰው እንኳ የሚተኩስበት ስንት ጊዜ አስቦ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነውን አንዱን ማንሳት አለብኝ። በ1942 አሜሪካ ውስጥ የጄኔራል ሞተርስ የመኪና መብራት ፋብሪካ በጥቂት ወራት አንድ ሚሊዮን ሽጉጥ ሠራ። ስሙ «ሊበሬተር» ነው። ከታጠፈ ቆርቆሮ የተበየደ፣ ቦይ የሌለው አጭር አፈሙዝ ያለው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፤ ዋጋው ሁለት ዶላር ከጥቂት ሳንቲም። ተኩሰው ሲጨርሱ ባዶውን ቀለህ የሚያወጡት አፈሙዙን በእንጨት ቆርቁረው ነው። አንዱን ሽጉጥ ለመሥራት የሚፈጀው ጊዜ አንዱን ለማጉረስ ከሚፈጀው ያነሰ ነበር ይባላል፤ በዓለም ላይ ይህ የተባለለት መሣሪያ ሌላ የለም። ከሽጉጡ ጋር የሚላከው መመሪያ ፊደል የለውም፤ የትኛው አገር ሰው እጅ እንደሚገባ ስላልታወቀ ሁሉም ነገር በሥዕል ነው። የታሰበው በጠላት በተያዘ አገር ያለ አርበኛ በዚህች ሽጉጥ አንድ ወታደር ጥሎ የሱን ጠብመንጃ እንዲወስድ ነው። ኢትዮጵያውያን አርበኞች ከፋሺስት ኢጣሊያ ወታደር እየማረኩ መታጠቃቸውን ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ሊበሬተርን ያከሸፈው አሠራሩ አልነበረም። ያከሸፈው የጦር አዛዦች ሳይወዱት መጋዘን ውስጥ ማስቀመጣቸው ነው፤ አብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ ቀለጠ። ዛሬ የተረፈው ሲሸጥ ዋጋው በሺህ ዶላር ነው።

ሴባስቶፖልና በቅሎው

ወደ አገራችን ስንመለስ የከሸፈ መሣሪያ ታሪክ ቀልድነቱ ያበቃል። ካሳ ኃይሉ ገና ሳይነግሡ፣ እ.ኤ.አ. በ1848 ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ገጥመው ሠራዊታቸው በመድፍ ተቆላ። አፄ ቴዎድሮስ ከሆኑ በኋላ መድፍን የሚመኙት ለጌጥ አልነበረም፤ ቁስሉን ያውቁታል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሰፈሯቸው አውሮፓውያን ብዙዎቹ ባዝል አካባቢ ካለው የቅዱስ ክሪስቾና ሚስዮን የመጡ ነበሩ። እነሱ ሊሰብኩ መጡ፤ ንጉሡ መድፍ አዘዟቸው። ቴዎፊል ዋልድማየርና ባልደረቦቹ አናውቅበትም ቢሉም አልተለቀቁም። ሞክረው ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ከወጣላቸው ሁሉ ትልቁ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ስሙን የወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ለአንድ ዓመት ያህል ከተከበበችው የሩሲያ ወደብ ነው።

በሙያው ካየነው ትልቅ ሥራ ነው። የማቅለጫ ምድጃ ሠርቶ፣ ቅርጹን አበጅቶ፣ ይህን ያህል ብረት በአንድ ጊዜ አቅልጦ ማፍሰስ በዚያ ቦታና በዚያ ጊዜ ማንም ያልሞከረው ነው። ጥያቄው ከተሠራ በኋላ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ ሴባስቶፖልን ይዘው ተነሱ። በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትተዋል። መንገድ የለም፤ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት ይሠራል፤ ዐለት ይፈለጣል፣ ገደል ይደለደላል፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ ነበር። የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደው ወጥተው መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ነበር። ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

እንዲህ ያለ አፈሙዘ ሰፊ መድፍ የተፈጠረው ግንብ ለማፍረስ ነው። በቴዎድሮስ ላይ የመጣው ጠላት ግን ግንብ አልነበረውም። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከሕንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ ከባዱን መሣሪያ በነሱ አስጫነ፤ ለተራራ የተዘጋጁት ትንንሽ መድፎቹ ግን ተፈታትተው በበቅሎ ጀርባ ይሄዱ ነበር። ሮኬቶቹም እንዲሁ። እግረኛው የያዘው ስናድር ነው፤ ለጦርነት ሲውል የመጀመሪያው ነበር። ስናድር ደግሞ አዲስ ጠብመንጃ እንኳ አይደለም። እንግሊዞች በአፈሙዝ የሚጎርሰውን የድሮ ኤንፊልዳቸውን ከኋላው ቆርጠው፣ ወደ ጎን የሚከፈት ክዳን ገጥመውለት ነው ከኋላ የሚጎርስ ያደረጉት። መልኩ ያስጠላል፤ የተለጠፈ ነገር ነው። በደቂቃ አሥር ጊዜ ይተኩሳል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ስቅለት ዕለት፣ መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ቦታ የሆነው የታወቀ ነው። ከፋላ አምባ የተተኮሱት የቴዎድሮስ መድፎች አብዛኛው ጥይታቸው በእንግሊዞች አናት ላይ አለፈ፤ አንደኛው መድፍ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬ እየመሩ ወደ ታች የወረደው ሠራዊት ጦርና «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚባለውን የድሮ ጠብመንጃ ይዞ ከስናድር ፊት ገባ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፤ ገብርዬም ወደቁ። ከእንግሊዞች የቆሰሉት ሃያ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን አጠፉ። ጀግንነታቸው ላይ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም፤ ይሁን እንጂ ስድስት ወር ያህል የተጎተተው 7 ቶን በዚያ ውጊያ ምንም አልለወጠም። በበቅሎ የተጫነው ለወጠ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው አምሳያው ነው። ይህ ስሕተት የድሃ አገር ስሕተት ነው የሚል ካለ ደግሞ ከ74 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የሆነውን ይመልከት። ናዚ ጀርመን ክሩፕ የሠራውን 1,350 ቶን የሚመዝን፣ አፈሙዙ 80 ሳንቲሜትር የሚሰፋ መድፍ በባቡር ሐዲድ አስጎትታ ያመጣችው ወደዚያችው ወደ ሴባስቶፖል ከተማ ነበር። ለሱ ሐዲድ የሚያነጥፍና ጉድጓድ የሚቆፍር በሺህ የሚቆጠር ሰው አስፈለገ። ከተማዋ ላይ የተኮሰው 48 ጊዜ ብቻ ነው።

ጥይት ያጣው ጠብመንጃ

ከሴባስቶፖል ወዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ የገባው ጠብመንጃ አብዛኛው ደህና ጠብመንጃ ነው። ከግብፅ ጋር በተደረጉት የጉንደትና የጉራ ጦርነቶች የተማረከው ሬሚንግተን፣ ከፈረንሳይ የመጣው ውጅግራ፣ የኢጣሊያው ቬተርሊ፣ የሩሲያው በርዳን፤ ሁሉም በየአገሩ ሠራዊት ተፈትኖ ያለፈ ነው። እንግዳ የሚሆኑት አንድ ሠራዊት ውስጥ ሲደባለቁ ነው። የውጅግራ ጥይት በርዳን አይጎርስም፤ የስናድር ጥይት ሬሚንግተን ውስጥ አይገባም። ጎን ለጎን የሚዋጉ ሁለት ወንድማማቾች ጥይት ሊበዳደሩ አይችሉም። በየገበያው ጥይት እንደ ገንዘብ እየተቆጠረ በጨው አሞሌ ጎን ሲዘዋወር የነበረውም ከዚሁ እጥረት የተነሳ ነው። ሰው አንድ ጊዜ ሲተኩስ የገበያ ገንዘቡን ነው የሚያጠፋው፤ የዛሬው የጋይሮጄት ሰብሳቢ የሚያውቀውን ስሌት የጎጃም ገበሬ ቀድሞ ያውቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ በርካታ አሮጌ ጠብመንጃዎች ተሸጠው አሜሪካ ገብተዋል። ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ ካርካኖ፣ ሊ ኤንፊልድ፣ የቤልጅግ ሞዜር ይገኙባቸዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራ ጠብመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚታይ መግዛቱ ቀላል ነው። ሰብሳቢዎቹ የይሁዳ አንበሳ የተመታበትን ይሻማሉ፤ የፋብሪካውን ስም፣ የተሠራበትን ዓመት፣ በእጅ የተጠገነውን ሰደፍ እያገላበጡ ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ። ስለ ጠብመንጃው ያላቸው እውቀት ጥልቅ ነው። ማን እንደ ታጠቀው ግን አያውቁም፤ ሊያውቁም አይችሉም። ያንን የሚያውቀው እዚህ ያለ ሰው ነው፤ እሱም አልጻፈውም። አገር የታሪኳን ብረት ስትሸጥ ቢያንስ ዝርዝሩን መያዝ ነበረባት ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ፣ አያትህ የሰቀሉት አሮጌ ጠብመንጃ ካለ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚያዘውን አጣርተህ ፈጽም። ሁለተኛ፣ ከመሸጡ ወይም ከመቅለጡ በፊት ብረቱ ላይ የተመታውን ስም፣ ዓመትና ቁጥር ፎቶ አንሳ፤ ማን እንደ ያዘው፣ የት እንደ ዘመተ፣ ከማን እጅ እንደ ተገኘ ከሽማግሌዎች ጠይቀህ ጻፍና አንድ ቅጂ ለቅርብህ ቤተ መዘክር ስጥ። ሊተኩስ ይችል እንደሆነ ልሞክረው ግን እንዳትል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ብረት የዘመኑን ጥይት ግፊት አይችልም፤ የሚፈነዳው ከፊት ሳይሆን ከጉንጭህ አጠገብ ነው።